የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፦ ሶፍትዌር በከሚሴ እንግዳውን እንዴት ይቀበላል?

የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ አንድ ሶፍትዌር ሠርቶ ሲጨርስ አዘውትሮ የሚጠይቀው «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከባዱ ግን እሱ አይደለም። ከባዱ ጥያቄ ዛሬ ሶፍትዌሩን የከፈተው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይከፍተዋል ወይ የሚለው ነው። ያለ አንዳች ስሕተት የሚሠራ፣ ነገር ግን ማንም ሁለተኛ ጊዜ የማይከፍተው ሶፍትዌር በየቦታው ሞልቷል።

ሰውና ሶፍትዌር የሚገናኙበትን ክፍል፣ ማለትም በስክሪን ላይ የሚታየውን ጽሑፍ፣ ሥዕል፣ ቁልፍና ሜኑ ወይም በስልክ የሚሰማውን ድምፅ፣ ባለሙያዎች ኢንተርፌስ ይሉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «መገናኛ ገጽ» እያልን እንጠራዋለን። አዲስ ተጠቃሚ ከመጀመሪያው ስክሪን ተነሥቶ የፈለገውን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪፈጽም ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ ደግሞ «አቀባበል» እንለዋለን። ቃሉ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለንም። እንግዳ በር ላይ ቆሞ ስንት ጥያቄ እንደተጠየቀ፣ የት እንደሚቀመጥ ማን እንዳሳየው፣ ቡናው ምን ያህል እንደዘገየ ያስታውሳል፤ ተመልሶ መምጣቱም አለመምጣቱም በዚያ ላይ የተመሠረተ ነው።

ጉዳዩን በረቂቁ ከመተንተን አንድ አካባቢ ይዘን ብንመለከተው ይሻላል። የመረጥነው ከሚሴንና በአማራ ክልል የሚገኘውን የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ከሚሴን ያውቃታል፤ ዋናው መንገድ በመካከሏ ያልፋል፤ የቦርከና ወንዝና የጨፋ ረግረጋማ ሜዳም ቅርቧ ናቸው። ዞኑ ዳዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋን፣ ደዌ ሃረዋንና ባቲን ይዞ በምሥራቅ ከአፋር ጋር ይዋሰናል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የነዋሪው ብዛት 457,278 ነበር። አካባቢውን የመረጥነው ሶፍትዌር ሠሪዎች ሳይታወቃቸው ይዘዋቸው የሚነሡ ሁለት ግምቶች እዚህ ስለሚፈርሱ ነው። አንደኛው «ክልሉ ከታወቀ ቋንቋው ታወቀ» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ቋንቋው ከታወቀ ፊደሉ ታወቀ» የሚለው ነው።

በምሳሌነት የምንይዛቸው አገልግሎቶች አንባብያን የሚያውቋቸው ናቸው። ኢትዮ ቴሌኮም የቴሌብርን አገልግሎት ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. አስጀመረ። አገልግሎቱ በስማርት ስልክ መተግበሪያም፣ ኢንተርኔት በማይጠይቀው *127# ም ይገኛል፤ አማርኛንና አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በበርካታ ቋንቋዎች ቀርቧል። በ2015 ዓ.ም. መተግበሪያው በብዙ መልኩ ተለውጦ ክፍያን፣ ግዢንና ሌሎች አገልግሎቶችን በአንድ ላይ የያዘ «ሱፐርአፕ» ሆነ። በ2016 በጀት ዓመት ማብቂያ የተመዘገቡት ደንበኞች 47 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ደርሰው ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከሌሎች ተቋማት ጋር በመሆን 8028 የተባለውን የገበሬዎች የስልክ መስመር ከፍቷል፤ ገበሬው በነጻ ደውሎ ስለ እርሻ ምክር በድምፅ የሚያዳምጥበት ነው።

የተመዝጋቢዎች ቁጥር የገቡትን እንጂ የሚመለሱትን እንደማይነግረን ከወዲሁ እናስታውስ። የሚመለሱትም ቢሆኑ ሁሉም ወደው አይመለሱም። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲፈጸም ሲደነገግ፣ የከሚሴ የባጃጅ አሽከርካሪ መገናኛ ገጹ ቢያምርም ባያምርም ሊጠቀምበት ግድ ሆነ። እንዲህ ያለው ተጠቃሚ ቆይቷል ብሎ ለመገናኛ ገጹ ምስጋና ማቅረብ የመለኪያ ስሕተት ነው።

በአንድ ቤት ሦስት አንባቢ

አሁን ወደ መጀመሪያው ግምት እንለፍ። አንድ የስልክ አገልግሎት አዲስ ደንበኛን ሲመዘግብ ክልሉን ጠይቆ ቋንቋውን ራሱ ቢመርጥለት አንድ ጥያቄ የቀነሰ ይመስለዋል። «አማራ ክልል» ብሎ የመለሰ ሰው በአማርኛ ይስተናገዳል። ከሚሴ ላይ ይህ ስሌት ይሰናከላል። በዞኑ አፋን ኦሮሞ የሥራ ቋንቋም የትምህርት ቋንቋም ነው፤ አማርኛም በገበያና በመንገድ ላይ በሰፊው ይነገራል።

ሁለተኛው ግምት ይበልጥ ስውር ነው። እስቲ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሦስት ሰዎች እናስብ። አያት አፋን ኦሮሞ ይናገራሉ፤ ማንበብ አልተማሩም። አባት ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራሉ፤ ትምህርት ቤት የገቡት ቁቤ ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ ማንበብ የለመዱት የግዕዙን ፊደል ነው። ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጅ ሁለቱንም ፊደል ታነባለች። አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ እንዲጻፍ የተወሰነው በ1984 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በአፋን ኦሮሞ የምትዘጋጀው በሪሳ ጋዜጣ እንኳ በግዕዝ ፊደል ትታተም ነበር። (በወሎ የዓረብኛን ፊደል ለአገር ቋንቋ መጠቀም፣ አጀሚ የሚባለው ልማድ፣ ከሁለቱም ጎን ለጎን መቆየቱን ስናክልበት የፊደሉ ጉዳይ ምን ያህል የተደራረበ እንደሆነ ይታያል።) አባት «አፋን ኦሮሞ» የሚለውን ሲመርጡ የሚመጣላቸው ጽሑፍ ሲሰሙት የሚገባቸው፣ ሲያዩት ግን የሚያስቸግራቸው ነው። «አማርኛ»ን ሲመርጡ ያነቡታል፤ ድምፅ ሲሆን ግን በልጅነት ቋንቋቸው ቢሰሙ ይመርጡ ይሆናል። ስለሆነም የሚሰማው ቋንቋና የሚነበበው ቋንቋ ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች ናቸው።

ከዚህ ተነሥቶ አቀባበሉን እንደገና የሚነድፍ ሰው ሦስት ነገሮችን ይለውጣል። የመጀመሪያው ስክሪን የእያንዳንዱን ቋንቋ ስም በየራሱ ፊደል ያሳያል፤ «ኦሮሚኛ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ብቻ ጽፎ የቁቤ አንባቢ እንዲያገኘው መጠበቅ ትርጉም የለውም። ከስሙ አጠገብ የድምፅ ማጉያ ሥዕል ያለው ቁልፍ ይኖራል፤ ሲነካ የቋንቋው ስም ይነገራል። ቋንቋ መለወጫውም በየስክሪኑ በአንድ ቋሚ ቦታ ይቀመጣል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ብዙ መተግበሪያዎች ግን ቋንቋ መለወጫውን በ«ቅንብሮች» ሆድ ውስጥ ይደብቁታል። የማያነበው ቋንቋ የመጣበት ሰው ወደ ቅንብሮች የሚወስደው መንገድ የተጻፈው በዚያው በማያነበው ቋንቋ ነው።

አንድ ፊደል ስንት ቢት ይመዝናል?

ስማርት ስልክ የሌለው ሰው በኮከብ ተጀምሮ በመሰላል በሚያልቀው ቁጥር ነው የሚገለገለው። ይህ ዩኤስኤስዲ የሚባለው ዘዴ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ይሁንና ቦታው እጅግ ጠባብ ነው። ለምን እንደጠበበ ማስላት ይቻላል፤ ስሌቱም አስገራሚ ውጤት አለው።

በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንጀምር። አንድ ኤስኤምኤስ 140 ባይት፣ ማለትም 1120 ቢት ይይዛል። የጂኤስኤም መደበኛ የፊደል ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ምልክት 7 ቢት ይሰጣል፤ 1120 ለ7 ሲካፈል 160 ነው። በሠንጠረዡ ውስጥ የላቲን ፊደላት አሉ፤ የግዕዝ ፊደላት ግን የሉም። ስለዚህ አማርኛ ሲጻፍ ለእያንዳንዱ ፊደል 16 ቢት የሚሰጠው ሌላ ዘዴ ይተካል፤ 1120 ለ16 ሲካፈል 70 ይሆናል። የዩኤስኤስዲ መልእክት 160 ባይት ይይዛል፤ በተመሳሳይ ስሌት ለላቲን 182፣ ለግዕዝ 80 ምልክት ይደርሳል። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛ እትሙ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተሠሩ አንዳንድ ርካሽ ስልኮች እንኳ ፊደሉን ስላልያዙ በቦታው ባዶ ሣጥን ይደረድሩ ነበር።

ከዚህ ተነሥተን «አማርኛ ከግማሽ በታች ቦታ ደረሰው» ብለን እንዳንደመድም ግን እንጠንቀቅ። የግዕዝ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ይይዛል። «ገንዘብ ላክ» የሚለው ትእዛዝ ክፍተቱን ጨምሮ 7 ምልክት ነው፤ 7 በ16 ሲባዛ 112 ቢት ነው። በአፋን ኦሮሞ «ማለቃ ኤርጊ» የሚለው በቁቤ ሲጻፍ ረጃጅሞቹ ድምፆች ስለሚደገሙ 13 ምልክት ይሆናል፤ 13 በ7 ሲባዛ 91 ቢት ነው። ልዩነቱ ከሁለት እጥፍ በእጅጉ ያነሰ ነው። «ቀሪ ሂሳብ» ደግሞ 6 ምልክት፣ 96 ቢት ሲሆን፣ የአፋን ኦሮሞው አቻ «ሀፍቴ ሄሬጋ» በቁቤ 15 ምልክት፣ 105 ቢት ይወስዳል። እዚህ ላይ አማርኛው ቀለለ። ስለዚህ አንድ ሜኑ መብቃት አለመብቃቱ በፊደሉ ዓይነት ብቻ ሳይሆን በቃል ምርጫውም ይወሰናል፤ የመገናኛ ገጽ ንድፍ አጭርና የታወቀ ቃል የማግኘት ሥራ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ አገልግሎቶች ቦታ ለመቆጠብ አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፉ ነበር። «ገንዘብ ላክ» በላቲን 10 ምልክት፣ 70 ቢት ብቻ ነው። በቢት ሲሰላ ከሁሉም የረከሰው ይህ ነው። በአንባቢው ዓይን ሲታይ ግን ከሁሉም የከፋው ሳይሆን አይቀርም፤ የግዕዙን ፊደል ብቻ የሚያነቡት አባት ሊያነቡት አይችሉም፤ ቁቤ የለመደው ወጣትም የአማርኛውን አጻጻፍ በቁቤ ሕግ ሊያነበው ሲሞክር ይሳሳታል።

እዚህ ላይ ለፕሮግራም ጸሐፊ ተማሪዎች አንድ ትንሽ ወጥመድ እናመልክት። በቁቤ ሁዻ የሚባለው ምልክት፣ «ቡኣ» በሚለው ቃል መካከል የሚገባው፣ በ7 ቢቱ ሠንጠረዥ ውስጥ አለ፤ ቀጥ ብሎ የሚጻፈው ማለት ነው። ጽሑፉ በቃላት ማቀናበሪያ ፕሮግራም ተዘጋጅቶ ምልክቱ ወደ ጎበጠው ዓይነት ከተለወጠ ግን በሠንጠረዡ ውስጥ ስለሌለ መልእክቱ በሙሉ ወደ 16 ቢት ይሸጋገራል። በአንድ የጎበጠ ሁዻ ምክንያት 182 የነበረው ቦታ ወደ 80 ይወርዳል፤ የሜኑው የመጨረሻ ምርጫዎች ይቆረጣሉ፤ ማንም ምክንያቱን አያውቅም።

ሰው የሚጠፋው የት ላይ ነው?

አቀባበል የደረጃዎች ሰንሰለት ነው። አንድ አገልግሎት አዲስ ሰውን ለመቀበል ስድስት ደረጃ ያስፈልገዋል እንበል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ከመቶ ዘጠናው ያልፋል እንበል። ዘጠና በመቶ መልካም ይመስላል። ይሁንና 0.9 ስድስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.53 ነው፤ ከጀመሩት 1000 ሰዎች ወደ መጨረሻው የሚደርሱት 531 ናቸው። ከስድስቱ አንዱ ደረጃ ግማሹን የሚጥል ቢሆን የሚደርሱት 295 ብቻ ይሆናሉ።

አሁን ንድፉን የሚያሻሽለው ሰው ሁለት መንገድ አለው። ጥሩ ከሆኑት ደረጃዎች ሁለቱን ቢያስወግድ 365 ያህል ሰዎች ይደርሳሉ። መጥፎውን ደረጃ ብቻ እንደ ሌሎቹ ቢያስተካክል ግን 531። «ደረጃዎችን ቀንስ» የሚለው የተለመደ ምክር ሁልጊዜ ትክክል እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን፤ በቅድሚያ ሰው የሚጠፋበትን ቦታ መለካት ይገባል።

በእኛ አገር ሁኔታ መጥፎ ደረጃ የሚሆኑት አዘውትረው የተጠቃሚውን ሕይወት የማያውቁ ጥያቄዎች ናቸው። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ለሚጠራ ሰው መልስ የለውም። የልደት ቀን ሲጠየቅ ጳጉሜን የሌለችበት ዝርዝር ይቀርባል። «8 ሰዓት» ሲባል የቀኑ ነው፣ የሌሊቱ ነው፣ በየትኛው አቆጣጠር ነው? የስም አጻጻፍም አለ፦ ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስት ናቸው። በእነ ሀ፣ ሐ እና ኀ መካከል ያለውን ልዩነት በፍለጋ ጊዜ የማያቻችል ሶፍትዌር በከሚሴ የደንበኞች መዝገብ ውስጥ ብዙ ሙሐመዶችን ያጣል።

ሌላው መጥፎ ደረጃ ሰውየው የመጣበትን ጉዳይ የሚያዘገየው ነው። የኬንያው ኤምፔሳ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሙከራ ሲጀመር ዓላማው ሰዎች አነስተኛ ብድራቸውን በስልክ እንዲመልሱ ነበር። በሙከራው የተሳተፉት ግን ገንዘቡን እርስ በርሳቸው መላላክ ጀመሩ። ሠሪዎቹ ብድሩን ወደ ጎን ትተው መገናኛ ገጹን ወደ ቤት ገንዘብ በመላክ ዙሪያ አደራጁና መጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አቀረቡት። (በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው።) ከወሎ ወደ ዓረብ አገሮች ሄደው ለቤተሰብ የሚልኩ ልጆች ባሉበት አካባቢ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ጉዳይ ገንዘብ መቀበል ነው። ስለሆነም አቀባበሉ «ገንዘብ ደርሶዎታል» ከሚለው ቢጀምርና ሌላው ሁሉ በኋላ ቢመጣ የተሻለ ነው እንላለን።

የማያነብ ሰው ሜኑውን ይሸመድደዋል

እስካሁን የተናገርነው ስለ አዲሱ ተጠቃሚ ነው። ንድፍ ሲለወጥ ይበልጥ የሚጎዳው ግን አሮጌው ተጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በመማሪያ መጻሕፍት ብዙም አይነሣም።

አንዲት የባቲ ነጋዴ እናት እናስብ። ማንበብ አይችሉም፤ ቁጥር ግን አሳምረው ያውቃሉ። ልጃቸው አንድ ቀን አስቀምጦ ያስተማራቸውን ያስታውሳሉ፦ ኮከብ፣ ቁጥሩ፣ መሰላል፤ ከዚያ 1፤ ከዚያ እንደገና 1፤ ከዚያ የሰውየው ስልክ፤ ከዚያ ብሩ፤ ከዚያ የምስጢር ቁጥሩ። እኚህ እናት ሜኑውን አያነቡትም፤ እንደ ዱዓ ሸምድደውታል። በስማርት ስልክም ቢሆን «ከላይ ሁለተኛው፣ አረንጓዴው» ብለው በቦታና በቀለም ይዘውታል። አንድ ቀን ሠሪዎቹ መገናኛ ገጹን «አሻሽለው» አዲስ አገልግሎት በ1 ቁጥር ላይ ያስቀምጣሉ፤ ገንዘብ መላክ ወደ 3 ይወርዳል። ማንበብ ለሚችለው ሰው የአንድ ሰኮንድ ጉዳይ ነው። እኚህ እናት ግን የተማሩት በሙሉ ፈርሷል፤ ይባስ ብሎ 1 ሲጫኑ ያላሰቡት ነገር ሊፈጸም ይችላል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር የዚህ ጽሑፍ ዋና ጭንቀት ነው። እኚህ እናት አገልግሎቱን አይተዉም፤ ሸቀጥ የሚያመጣላቸው ነጋዴ ክፍያውን በስልክ ይፈልጋልና። ስልካቸውን በአጠገባቸው ላለ ወጣት ይሰጣሉ፤ የምስጢር ቁጥሩንም ይነግሩታል። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ነው፤ ሌላ ቀን የማያውቁት ሰው ነው። በኮምፒዩተሩ መዝገብ ውስጥ ግን ይህ አይታይም። መዝገቡ «ተጠቃሚዋ ቆይታለች፣ በዚህ ወር አራት ጊዜ ገንዘብ ልካለች» ይላል። የመቆየት መለኪያው ሙሉ ነው፤ የእኚህ እናት ገንዘብ ግን በሰው እጅ ነው። አጭበርባሪ ሲያገኛቸው ጥፋቱ በ«ደንበኛዋ ጥንቃቄ ጉድለት» ይመዘገባል፤ ምክንያቱ ግን የተዛወረው ቁጥር ነው።

ይህን ለመከላከል የሚረዱ ዘዴዎች የታወቁ ናቸው። ነባሩ ቁጥርና ቦታ ሳይነካ አዲሱን አገልግሎት በመጨረሻ መጨመር ይቻላል። መለወጡ ግድ ከሆነ አሮጌውን ቅደም ተከተል ለለመደው ሰው አሮጌው ሜኑ ለተወሰነ ጊዜ ሊቆይለት ይገባል። ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስም በጽሑፍም በድምፅም ቢረጋገጥ ማንበብ የማይችለው ሰው ስልኩን ለሌላ መስጠት አያስፈልገውም። የመጨረሻው ወጪ አለው፤ የተሰረቀ ገንዘብም ወጪ አለው።

ስለ አምስት ፈታኞች

አንድን መገናኛ ገጽ ለመፈተን ስንት ሰው ይበቃል? ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት ቀመር መሠረት አንድ ፈታኝ አንድን ችግር የማግኘት ዕድሉ በአማካይ 0.31 ከሆነ፣ አምስት ፈታኞች ከችግሮቹ 84 በመቶ ያህሉን ያገኛሉ። ቀመሩ ቀላል ነው፦ 1 ሲቀነስ 0.69 አምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ። «አምስት ሰው ይበቃል» የሚለው አባባል በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው ከዚህ ነው።

ቀመሩ ትክክል ነው፤ የተመሠረተበት ግምት ግን ፈታኞቹ ተመሳሳይ ሰዎች ናቸው የሚል ነው። ችግሩ የሚገጥመው ለግማሹ ሕዝብ ብቻ ነው እንበል፤ ለምሳሌ ቁቤን ለማያነቡት። ፈታኞቹን በዘፈቀደ ብንመርጥ የእያንዳንዱ ዕድል ወደ 0.155 ይወርዳል፤ አምስቱ አንድ ላይ ችግሩን የማግኘት ዕድላቸው 57 በመቶ ይሆናል። አምስቱም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሆኑ ደግሞ ዕድሉ ዜሮ ነው፤ በመቶ ተማሪዎች ብንፈትነውም ዜሮ ነው። ለከሚሴ የሚሠራ ሰው የግዕዙን ፊደል ከሚያነቡ፣ ቁቤን ከሚያነቡና ምንም ከማያነቡ ከእያንዳንዳቸው አምስት ሰዎች መፈለግ ይኖርበታል። አሥራ አምስት ሰው ብዙ አይደለም፤ አንድ የገበያ ቀን ይበቃል።

ድምፅ መፍትሔ ነውን?

ማንበብ ለማይችል ሰው በድምፅ እንናገር ማለት ተገቢ ነው፤ 8028ም የተመሠረተው በዚሁ ነው። ሆኖም ድምፅ የራሱ ፊዚክስ አለው። ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ይታያል፤ ድምፅ ግን በተራ ነው የሚመጣው። ስድስት ምርጫ ያለው የድምፅ ሜኑ እናስብ፤ እያንዳንዱ ምርጫ ለመነገር 5 ሰኮንድ ይወስዳል። ከጠሪዎቹ 50 በመቶው አንዱን፣ 20 በመቶው ሌላውን፣ ሁለቱን 10 በመቶ 10 በመቶ፣ የቀሩትን ሁለት 5 በመቶ 5 በመቶ ይፈልጋሉ ብንል፣ በጣም የሚፈለገው ቀድሞ ከተነገረ አንድ ጠሪ በአማካይ 10.75 ሰኮንድ ይጠብቃል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ 24.25 ሰኮንድ ይጠብቃል። ኮዱ አንድ ነው፤ ድምፁ አንድ ነው፤ የተለወጠው ተራው ብቻ ነው። በዚያ ላይ «ለእርሻ ዝግጅት 1ን ይጫኑ» እንደሚባለው ቁጥሩ ከጉዳዩ በኋላ መምጣቱ ይሻላል፤ ሰው ጉዳዩን ሰምቶ ሲወስን ቁጥሩን ገና በጆሮው ይይዛል። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ግስ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ ይህ ቅደም ተከተል የተፈጥሮ አነጋገራችን ነው።

በጨፋ ሜዳ ነፋስ እየነፈሰ በማሳ ላይ ቆሞ የሚያዳምጥን ሰው ያሰበ ንድፍ አውጪ ደግሞ «ለመድገም ኮከብን ይጫኑ» የሚለውን በየሜኑው ያስቀምጣል።

የባቲ ሰኞ

ተጠቃሚ መቆየቱን የምንለካው በስንት ቀን ነው? በመተግበሪያ ንግድ ዓለም የተለመደው «በማግስቱ ተመለሰ ወይ?» ተብሎ ነው። ለጨዋታና ለመልእክት መላላኪያ ይህ ይስማማ ይሆናል።

ባቲ ላይ ግን ገበያው ሰኞ ነው። ከደጋው የሚወርደው፣ ከቆላው ግመል እየነዳ የሚመጣው አፋር፣ ከዞኑ ልዩ ልዩ ወረዳዎች የሚመጣው ነጋዴ በሳምንት አንድ ቀን ይገናኛል። ሰኞ የተመዘገበች ነጋዴ ማክሰኞ ሶፍትዌሩን አትከፍትም፤ የምትከፍትበት ጉዳይ የላትም። የማግስቱን መለኪያ የያዘው መሥሪያ ቤት «ጠፋች» ብሎ ይመዘግባታል፤ ከዚያም እንድትመለስ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ የማስታወቂያ መልእክት ይደርድርላታል። ሰኞ ስትመለስ ደግሞ «ማስታወቂያው መለሳት» ይባላል። ሁለቱም ድምዳሜ ሐሰት ነው።

ሳምንታዊው ዙር ሌላም ነገር ያስከትላል። የጀርመኑ ሥነ ልቡና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው አዲስ የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት ይረሳል፤ በየተወሰነ ጊዜ ሲደገም ግን እየጸና ይሄዳል። በየቀኑ የሚከፈት መተግበሪያ ተጠቃሚው ሳያስበው ይደገምለታል። በሰባት ቀን አንዴ የሚከፈተው ግን በየሰኞው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ የምስጢር ቁጥርም በብዛት የሚረሳው ያኔ ነው። ስለዚህ ለባቲ የሚነደፍ አቀባበል በመጀመሪያው ቀን አያበቃም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሰኞ የአቀባበሉ ክፍሎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ቀን አጭር የድምፅ መመሪያ በእነዚያም ቀናት ሳይጠየቅ ይቀርባል፤ ተጠቃሚዋ ያለ እርዳታ ሁለት ጊዜ ከጨረሰች በኋላ ብቻ ዝም ይላል። የመቆየት ስሌቱም ከማክሰኞ ሳይሆን ከሰኞ ወደ ሰኞ ይቆጠራል።